የተቈለፈ መጽሐፍና የሚዞር መጽሐፍ

የአንድ ሀገር ሀብት በጎተራው እህል፥ በመስኩ ከብትና በግምጃ ቤቱ ገንዘብ ይቈጠራል፤ የዕውቀት ሀብት ግን በመጻሕፍት ብዛት ብቻ የሚቈጠር አይደለም። መጽሐፍ በሣጥን ተዘግቶ ቢቀመጥ የብልና የአይጥ ቀለብ ይሆናል፤ ከእጅ ወደ እጅ ቢዞር ግን አንዱ ቅጂ ለመቶ ሰው መምህር ይሆናል። «በቃል ያለ ይረሳል፥ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የተባለው የአባቶች ምሳሌም እውነት የሚሆነው ጽሑፉን አንብቦ የሚወርስ ሰው ሲገኝ ነው። ወራሽ ያላገኘ ጽሑፍ ከተረሳ ቃል የሚሻልበት ነገር የለውም።

የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የሚቋቋመው ይህን ወራሽ ለማግኘት ነው። ነገር ግን እንዲህ ያለ ቤት በሚመረቅበት ቀን ሹማምንትና ካህናት ይሰበሰባሉ፥ ቡራኬና ንግግር ይደረጋል፥ የመደርደሪያውና የመጻሕፍቱ ቍጥር ይነገራል፤ ከምረቃው በኋላ ግን በዚህ ወር ስንት ሰው ገባ፥ ስንት መጽሐፍ ተዋሰ፥ ስንቱ ተመለሰ፥ ስንቱ ተቀዶ ተጠገነ፥ ሕዝቡ ፈልጎ ያጣው መጽሐፍ የትኛው ነው ብሎ የሚጠይቅ ብዙ ጊዜ አይገኝም። የቤተ መጻሕፍት ሕይወት ግን የሚታወቀው በየወሩ በሚሠራው ሥራ ነው። ይህን ነገር በደብረ ታቦርና በደቡብ ጎንደር ደጋ አድርጎ መመርመር ይጠቅማል፤ ያ ሀገር መጽሐፍን በመሰብሰብም፥ በማጣትም፥ በማስተማርም ብዙ የሚመሰክረው ታሪክ አለውና።

ደብረ ታቦር በ19ኛው ምዕት ዓመት መጀመሪያ በራስ ጉግሣ የተቈረቈረች፥ ኋላም የራስ ዓሊ፥ የዐፄ ቴዎድሮስና የዐፄ ዮሐንስ 4ኛ መቀመጫ ለመሆን የበቃች ከተማ ናት። በአጠገቧ ባለችው በጋፋት ዐፄ ቴዎድሮስ የውጭ ሀገር ሠራተኞችን አኑረው መድፍ ያሠሩ እንደ ነበረ የታወቀ ነው። ከተሠሩትም ታላቁ፥ 7 ቶን ያህል የሚመዝነው ሴባስቶፖል፥ በ1860 ዓ.ም. በብዙ ሰው ጕልበት ተራራና ገደል እየተሻገረ እስከ መቅደላ ተጐተተ። ይህ ሁሉ በየልጁ አፍ የሚነገር ታሪክ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ከመድፉ ሌላ መጻሕፍትንም በመቅደላ ማከማቸታቸው ግን የዚያን ያህል ሲነገር አይሰማም። ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናትና ከሌላም ስፍራ የተሰበሰቡት የብራና መጻሕፍት በአምባው ላይ ለመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ሀብት እንዲሆኑ ታስበው ነበር።

ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ በእንግሊዝ ጦር እጅ ወደቀች፤ ንጉሠ ነገሥቱም እጃቸውን ለጠላት ከመስጠት ሞትን መረጡ። በአምባው የተገኘው ንዋየ ቅድሳትና መጽሐፍ ሁሉ ተዘረፈ፤ ምርኮውን ለማጓጓዝ 15 ዝሆኖችና 200 ያህል በቅሎዎች አስፈለጉ። በደላንታ ሜዳ ሁለት ቀን ሙሉ በሐራጅ ተሸጠ፤ ከመጻሕፍቱም 350 ያህሉ ሎንዶን በሚገኘው በብሪታንያ ቤተ መዘክር ተቀመጡ። ከዚያ ወዲህ በ1864 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ለእንግሊዝ መንግሥት ጽፈው ክብረ ነገሥትን ስለ ጠየቁ አንድ ቅጂ ሊመለስላቸው ችሏል፤ የቀረው አብዛኛው ግን በባሕር ማዶ ቀረ። የተወሰደው ሁሉ ለባለቤቱ እንዲመለስ መጠየቅ የሚገባ ነው፤ ጥያቄውም ሊቋረጥ አይገባውም።

ይሁን እንጂ ከመቅደላ የሚገኝ ሌላም ትምህርት አለ። በየደብሩ ተከፋፍሎ የኖረው መጽሐፍ ከአንድ ስፍራ በመከማቸቱ በአንድ ቀን ጠፋ። በሌላ ደብር ቅጂ የነበረው መጽሐፍ ግን ብራናው ቢሄድም ቃሉ ከሀገር አልወጣም። ሊቃውንቱ ተዋስዉ ስለ ገለበጡት፥ ደቀ መዛሙርት በቃላቸው ስለ ያዙት፥ ከገዳም ወደ ገዳም ስለ ዞረ ተረፈ። መጽሐፍን ከጥፋት የሚያድነው የአምባው ከፍታና የመቈለፊያው ጥንካሬ ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ የበለጠ ምስክር አይገኝም።

ይህን ትምህርት ደቡብ ጎንደር ከውጭ ሀገር መበደር አያስፈልገውም። በጋይንት ያለችው ቤተ ልሔም የድጓ ማስመስከሪያ ናት፤ ዙር አምባም የዝማሬና የመዋሥዕት ማስመስከሪያ ነው። ከትግራይ፥ ከጎጃም፥ ከወሎና ከሸዋ የተነሣው ተማሪ አኩፋዳውን በትከሻው አንጠልጥሎ፥ ቍራሽ እየለመነ፥ የውሻ ጩኸትና የደጋ ብርድ ሳይመልሰው ወደዚያ ይመጣል። ከመምህሩ እግር ሥር ተቀምጦ ይሰማል፥ ይቀጽላል፥ ብዙ ጊዜም የራሱን ድጓ በእጁ ይጽፋል፤ ከተመሰከረለት በኋላ ያንን መጽሐፍና ያንን ዜማ ይዞ ወደ ሌላ ሀገር ሄዶ ጉባኤ ይዘረጋል። እንግዲህ የአባቶች ቤተ መጻሕፍት በሁለት እግሩ የሚሄድ ቤተ መጻሕፍት ነበረ ማለት ነው። መጽሐፉ ከመምህሩ ቤት ቢወጣም አልጠፋም፤ በመውጣቱ በዛ እንጂ።

በሌላ ወገን በየአድባራቱ ዕቃ ቤት መጻሕፍትን የጠበቁ ካህናት ውለታ በምንም አይዘነጋም። በ1880 ዓ.ም. ደርቡሾች ጎንደርን ባቃጠሉ ጊዜ፥ ከዚያም በፊትና ከዚያም በኋላ በመጣው መከራ ሁሉ፥ መጽሐፉን በማኅደሩ አድርገው በዋሻና በገደል የሸሸጉት እነርሱ ናቸው። በመጽሐፉ ዳር የሰጪው ስም፥ የደብሩ ስምና የሰረቀው ወይም የፋቀው ሰው ውግዘት መጻፉም ለዚሁ ጥበቃ ነው። በወንጌሉ ባዶ ገጽ የቤተ ክርስቲያኑ ዕቃና መጻሕፍት ቍጥር ተመዝግቦ መገኘቱ ደግሞ መዝገብ መያዝ ለሀገሩ ካህናት አዲስ ነገር አለመሆኑን ያሳያል። ነገር ግን ዕቃ ቤትና የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ሥራቸው አንድ አይደለም። በዕቃ ቤት ያለው ብራና ቢጠፋ ምትክ የለውም፤ ስለዚህ መጠበቅ ይቀድማል። በሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ያለው የታተመ መጽሐፍ ግን ቢጠፋ ሌላ ይገዛል፤ ስለዚህ ማስነበብ ይቀድማል። የዕቃ ቤቱን ሕግ ወደ ሕዝቡ ቤተ መጻሕፍት አምጥቶ መጫን ሁለቱንም አለማወቅ ነው።

የችግሩም ሥር እዚህ ላይ ይገኛል። የመጻሕፍት ጠባቂው እንደ ንብረት ክፍል ሠራተኛ ተቈጥሮ የጠፋውን መጽሐፍ ሁሉ ከደመወዙ እንዲከፍል ከተደረገ፥ በዓመቱ መጨረሻ የሚጠየቀውም «ስንት ሰው አነበበ?» ተብሎ ሳይሆን «ስንት መጽሐፍ ጐደለ?» ተብሎ ከሆነ፥ ጠባቂው ምን ያደርጋል? መጽሐፉን ማዋሱን ትቶ መቈለፉን ይመርጣል። እንዲህ በማድረጉም ሰነፍ ሊባል አይገባውም፤ የተሰጠው ትእዛዝ ወደዚያ መርቶታልና። ከልጆቹ እንጀራ ቀንሶ ለሌላ ሰው ንባብ የሚከፍል ሠራተኛ አይገኝም። በእንዲህ ያለ ቤት ቈጠራው ሁልጊዜ ሙሉ ይሆናል፤ አንባቢው ግን ባዶ እጁን ይመለሳል። መክሊቱን በምድር ቀብሮ ሳያጐድል ለጌታው የመለሰው አገልጋይ ምን ፍርድ እንዳገኘ ለካህናት መንገር አያስፈልግም።

ስለዚህ ሹማምንት ሊያደርጉት የሚገባ የመጀመሪያው ነገር ገንዘብ የማይጠይቅ ነው፤ ይኸውም የሂሳቡን መንገድ መለወጥ ነው። ከሚዋሱት 100 መጻሕፍት በዓመት ጥቂቶቹ ያረጃሉ፥ ጥቂቶቹም ይጠፋሉ ተብሎ መጠኑ አስቀድሞ በደንብ ይወሰን፤ ከዚያ መጠን እስካላለፈ ድረስ ጠባቂው አይጠየቅበት። ተዋሹ በስሙና በፊርማው ይረከብ፤ ዋስ የሚያስፈልገው እንደ ሆነ መምህሩ፥ የነፍስ አባቱ ወይም ጐረቤቱ ዋስ ይሁነው፤ ያጠፋም ተዋሹ ራሱ ይተካ። ጠባቂው ቸል ብሎ ወይም ሸጦ ከተገኘ ግን በሕግ ይቀጣ። በዚህ ዐይነት ፍርሃት ከቅን ሠራተኛ ላይ ተነሥቶ በአጥፊው ላይ ይሆናል።

ሁለተኛው የወሩ ሥራ በሥርዓት መያዙ ነው። ሦስት መዛግብት ይበቃሉ፤ አንደኛው የገባው መጽሐፍ ሁሉ በቍጥር የሚጻፍበት የገቢ መዝገብ፥ ሁለተኛው የወጣውና የተመለሰው የሚታይበት የውሰት መዝገብ፥ ሦስተኛው ሰው ፈልጎ ያላገኘው መጽሐፍ የሚመዘገብበት የጥያቄ መዝገብ ነው። ከሦስቱም ይልቅ የተናቀው ሦስተኛው ነው፤ ግን ከሁሉ የሚጠቅመው እርሱ ነው። ሕዝቡ የሚሻው የትምህርት መጽሐፍ፥ የሕግ መጽሐፍ፥ የጤና መጽሐፍ ወይም የታሪክ መጽሐፍ መሆኑ የሚታወቀው በዚያ ነው፤ በጀት የያዘው መሥሪያ ቤትም ነጋዴው ያቀረበለትን ሳይሆን አንባቢው የጠየቀውን ሊገዛ የሚችለው በዚያ ነው። በወሩ የመጨረሻ ሳምንት የተቀደደው ይሰፋ፥ ሽፋኑ የለቀቀው ይጠረዝ፥ ሳይመለስ የዘገየው ይጠየቅ። በአዲሱ ወር የመጀመሪያ ቀንም የወሩ ሂሳብ በአንድ ወረቀት ተጽፎ በቤቱ በር ላይ ይለጠፍ፤ ለከተማው ምክር ቤትም ይነበብ። በር ላይ የተለጠፈ ሂሳብ ትጉሁን ያስመሰግናል፥ ሰነፉንም ያሳፍራል።

ይህ ሁሉ ለምን እንዲህ አሳሳቢ ሆነ ቢባል ምክንያቱ ሩቅ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. በመላው ኢትዮጵያ የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች ግማሽና ከግማሽ በላይ ውጤት ያገኙት ከ100 ሦስት ያህል ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም.ም ከዚህ ብዙ አልተሻለም። የዚህ ጥፋት ምክንያት ብዙ ነው፤ ነገር ግን መጽሐፍ በእጁ ሳይገባ ያደገ ልጅ በፈተና ቀን ብቻ አንባቢ ሊሆን እንደማይችል ሁሉም ያውቃል። ለደቡብ ጎንደር ደግሞ መከራው ተደራርቧል። በ2013 ዓ.ም. ነሐሴ ወር ጦርነት እስከ ጋይንት ደርሶ ነፋስ መውጫ ተይዛ ነበር፤ በደብረ ታቦርም ላይ ከባድ መሣሪያ ተተኵሶ የሰው ሕይወት ጠፍቷል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህም በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ምክንያት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ብዙ ሕፃናት ከመምህራቸው ተለይተዋል። ትምህርት ቤቱ የተዘጋበት ልጅ መጽሐፍ ቤትም ተዘግቶ ቢያገኘው ወዴት ይሂድ? ያለፈው ዓመት ለአገልጋዮች በሂሳብ የሚመለስ አንድ ዓመት ነው፤ ለሕፃን ግን የማይመለስ ዕድሜ ነው። መምህር በሌለበት ወራት አንድ የተዋሱት መጽሐፍ መምህሩን ባይተካም ፊደሉን ከመርሳት ያድናል።

ቤተ መጻሕፍት የሚያገለግለው የዘመናዊ ትምህርት ቤት ተማሪን ብቻ ነው ማለትም ስሕተት ነው። የዓለም የትምህርት፥ የሳይንስና የባህል ድርጅት በአውሮጳ አቈጣጠር በ1949 ባወጣውና በ2022 ለመጨረሻ ጊዜ ባደሰው ቃል፥ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት በዕድሜ፥ በሃይማኖት፥ በጾታና በኑሮ ደረጃ ሳይለይ ሁሉን እኩል እንዲያገለግል አሳስቧል። ይህ ቃል በደብረ ታቦር ቢተረጐም ምን ማለት እንደ ሆነ ግልጥ ነው። የቆሎ ተማሪ ያለ መታወቂያ ወረቀት በመምህሩ ዋስትና ገብቶ ያንብብ። በገበያ ቀን ከፋርጣና ከጉና ግርጌ ድንችና ገብስ ጭኖ የመጣው ገበሬ፥ ማንበብ ባይችል እንኳ፥ ስለ ዘር አመራረጥ፥ ስለ ድንች አቀማመጥ፥ ስለ መሬት ሕግ የተጻፈው በሚገባው ቋንቋ ጮክ ተብሎ ይነበብለት። ለእናቶች ስለ ሕፃናት ጤና የሚነገርበት ቀን፥ ለልጆች ተረት የሚነበብበት ሰዓት በወሩ ውስጥ ተወስኖ ይታወቅ። ሠራተኛውና ነጋዴው ከሥራ በሚያርፉበት ሰዓት ቤቱ ተዘግቶ፥ እነርሱ በሥራ ላይ በሚውሉበት ሰዓት ተከፍቶ መዋሉም ይታረም፤ ቤቱ የሚከፈተው ለጠባቂው እንዲመች ሳይሆን ለአንባቢው እንዲመች ነውና።

ከከተማው ውጭ ላለው ሕዝብ ደግሞ ሰው ወደ መጽሐፍ መምጣት ባይችል መጽሐፍ ወደ ሰው መሄድ አለበት። ከስማዳ ቈላ ወይም ከእብናት አንድ መጽሐፍ ለመዋስ ደብረ ታቦር ድረስ የሚመጣ ሰው አይገኝም። በሐዋሳ ከተማ በ1990ዎቹ መጨረሻ ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ የተባሉት የመጻሕፍት ባለሙያ ያቋቋሙት ማኅበር በአህያ የሚሳብ ጋሪ ላይ የልጆች መጻሕፍት ጭኖ በየሰፈሩ ያስነብብ ነበር። በጐረቤት ሀገር በኬንያም ከ1996 እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር ጀምሮ የመንግሥቱ ቤተ መጻሕፍት በግመል ጀርባ መጽሐፍ ጭኖ ወደ አርብቶ አደሩ እየላከ አስነብቧል። የደቡብ ጎንደር ደጋ የግመል ሀገር አይደለም፤ በቅሎና አህያ ግን አላጣም፤ መንገድ ባለበትም አውቶቡስ ይሄዳል። 50 መጻሕፍት የያዘ አንድ የእንጨት ሣጥን በአንድ ወር በእስቴ፥ በሚቀጥለው ወር በደራ፥ ከዚያም በፎገራና በሊቦ ከምከም እየዞረ በትምህርት ቤት ወይም በቤተ ክርስቲያን አጸድ በታመነ ሰው እጅ ቢቀመጥ፥ አሥር ሣጥኖች ለአሥር ወረዳዎች ይበቃሉ፤ ከወር ወደ ወርም ሲቀያየሩ እያንዳንዱ ወረዳ በዓመት ውስጥ ብዙ መጻሕፍት ያገኛል። መንገዱ ሰላም ባልሆነበት ወር ሣጥኑ ባለበት ይቈይ፤ ሰላም ሲሆን ጉዞውን ይቀጥል።

የካህናትም ድርሻ በዚህ ሥራ ትንሽ አይደለም። አንዳንዶች «የብራና መጻሕፍቱን ለከተማው ቤተ መጻሕፍት ስጡ እንባላለን» ብለው ይሰጋሉ። የመቅደላን ታሪክ የሚያስታውስ ሰው በዚህ ስጋት ሊፈርድ አይችልም፤ ብራናው በደብሩ መቅረት አለበት። ነገር ግን ብራናው ሳይነቃነቅ መልኩ በፎቶግራፍ ሊወጣ ይችላል። በአውሮጳ አቈጣጠር ከ1973 ጀምሮ የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን በአሜሪካ ሚኒሶታ ከሚገኘው የቅዱስ ዮሐንስ ገዳምና ዩኒቨርሲቲ ጋር ተባብራ ከ9000 የሚበልጡ የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም ተነሥተዋል፤ የአንዳንዱ ዋናው ቅጂ በኋላ ቢጠፋ እንኳ ቃሉ በዚያ ይገኛል። ያን ጊዜ ታላቅ መሣሪያ የሚጠይቀው ሥራ ዛሬ በትንሽ መሣሪያ የሚፈጸም ሆኗል። ሥራው በሀገረ ስብከቱ ፈቃድና በካህናቱ ፊት ቢፈጸም፥ አንዱ ቅጂ ለደብሩ፥ አንዱም ለከተማው ቤተ መጻሕፍት ቢቀመጥ፥ የደብሩ ክብር አይጐድልም፤ የሌባም ተስፋ ይቈረጣል፤ በፎቶግራፍ የታወቀ መጽሐፍ ተሰርቆ ቢሸጥ ባለቤቱ በቀላሉ ይታወቃልና።

መንግሥት ለመጻሕፍት ያለው ሐሳብ ከጥንት የቈየ ነው። የብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት፥ ወመዘክር የተባለው፥ በ1936 ዓ.ም. ከጦርነቱ ፍርስራሽ ገና ሳይወጣ በነበረበት ጊዜ በአዲስ አበባ ተቋቋመ፤ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ከ1 ሚሊዮን በላይ መጻሕፍት እንዲይዝ የታሰበው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት በዚያው ከተማ ተመረቀ። ሁለቱም የሚያስመሰግኑ ሥራዎች ናቸው። ነገር ግን ራስ ብቻውን ደም ቢሞላ እግርና እጅ ግን ቢደርቅ ጤና አይባልም። ለደብረ ታቦርም ሆነ ለየወረዳው ከተማ የሚያስፈልገው የእብነ በረድ ሕንፃ አይደለም፤ ዝናብ የማያስገባ ቤት፥ ማታ የሚበራ መብራት፥ ሥራውን የሚወድ ጠባቂና በየወሩ የሚጠየቅ ሂሳብ ነው።

ይህን ለመጀመር አዲስ በጀት እስኪመጣ መጠበቅ አያስፈልግም። ሹሙ የማዋሻውን ደንብ ይፈርም፤ ጠባቂው ሦስቱን መዛግብት ይክፈት፤ መምህሩና ካህኑ ለተማሪው ዋስ ይሁኑ፤ ከደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲም የሚማሩ ወጣቶች በዕረፍት ቀናቸው ለማያነቡት ያንብቡላቸው። ሀብታሙም ለሠርጉና ለተዝካሩ ከሚያወጣው ጥቂቱን ቀንሶ አንድ ሣጥን መጻሕፍት ቢገዛ ስሙ ከድግሱ ይልቅ በዚያ ይኖራል።

የከተማይቱ ስም የተወሰደው ብርሃን ከተገለጠበት ተራራ ነው። በነሐሴ 13 ዋዜማ ልጆች ቡሄ እያሉ ሲዞሩ፥ በየደጁም ችቦ ሲበራ፥ ብርሃኑን በሣጥን የሚቈልፍ ሰው የለም፤ አንዱ ከአንዱ እየለኰሰ ሰፈሩ ሁሉ ይበራል እንጂ፤ የለኰሰለትም ሰው ችቦ በመስጠቱ አልጠፋበትም። ለመጽሐፍም ሥርዓቱ ይኸው ይሁን። በሚመጣው ወር የመጀመሪያ ቀን በቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ አንድ ወረቀት ተለጥፎ፥ በዚህ ወር ይህን ያህል ሰው አነበበ፥ ይህን ያህል መጽሐፍ ወጣ፥ ይህን ያህል ተመለሰ፥ ጥቂቱም ጠፋ የሚል ቢነበብ፥ ያች ጥቂት ጕድለት የውርደት ምልክት አትሆንም፤ ቤቱ ሕያው ለመሆኑ ምስክር ናት። ምንም ያልጐደለበት ቤተ መጻሕፍት ግን ምንም እንዳልሰጠ ይታወቅ።